ከቪዛ መዘግየት የተወለደ ትምህርት ቤት፦ የሞርሞን ሚስዮናውያን ሥልጠና ታሪክና ያልተመዘገበው ወጪው

በዲሴምበር 1961 ወደ ሜክሲኮና ወደ አርጀንቲና የተመደቡ 29 ወጣት ሚስዮናውያን በዩታ ግዛት፣ በፕሮቮ ከተማ፣ ሆቴል ሮበርትስ በተባለ ማረፊያ ተሰባስበው ነበር። የሚሄዱበት ታውቋል፤ የጎደላቸው ቪዛ ነበር። የቪዛው ነገር እየተጓተተ በመምጣቱ፣ የላከቻቸው ቤተክርስቲያን ጊዜው በከንቱ እንዳይባክን በከተማዋ ከሚገኘው ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆና ስፓኒሽ ታስተምራቸው ጀመር። ለጊዜያዊ ችግር የተበጀው ይህ መፍትሔ ውሎ አድሮ ተቋም ሆነ። ዛሬ በፕሮቮ የሚገኘው የሚስዮናውያን ማሠልጠኛ ማዕከል ከ50 በላይ ቋንቋዎች የሚሰጡበትና በአንድ ጊዜ እስከ 3,700 ሠልጣኞች የማስተናገድ አቅም ያለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚኖር ስደተኛ እነዚህን ወጣቶች ሳያያቸው አይቀርም። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥቁር የስም ሰሌዳ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በር ያንኳኳሉ። ብዙ ጊዜ የሚያስገርመው የሚሰብኩት ሳይሆን የሚሰብኩበት ቋንቋ ነው፤ ከሁለት ወር በፊት የማያውቁትን ቋንቋ እየተኮላተፉም ቢሆን ይናገሩታል። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ተቋም የ18 ዓመት ወጣት ተቀብሎ፣ በስድስት ወይም በ9 ሳምንት ውስጥ በማያውቀው ሰው ደጃፍ ላይ በባዕድ ቋንቋ ለመቆም የሚያበቃው፣ ይህንንም በየዓመቱ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች የሚደግመው እንዴት ነው?

መልሱ በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ብቻ አይገኝም። የሥልጠናው ጉልበት የሚመነጨው በዙሪያው ከተዘረጋው የወጪና የግዴታ ሰንሰለት ነው፤ ማን ይከፍላል፣ ማን ያስተምራል፣ የተማረውስ ነገ ምን ይጠበቅበታል ከሚሉት ጥያቄዎች። የዚያው ሰንሰለት አንዱ ጫፍ ግን በወጣቱ ትከሻ ላይ ያረፈ ነው፤ ይህ ሸክም ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

ያለ ኮረጆና ያለ ከረጢት

በተለምዶ ሞርሞን ተብላ የምትጠራው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን በጆሴፍ ስሚዝ አማካይነት በኒውዮርክ ግዛት የተመሠረተችው በኤፕሪል 1830 ነው። በዚያው ዓመት ወንድሙ ሳሙኤል ስሚዝ መጽሐፈ ሞርሞንን ተሸክሞ በአቅራቢያው ወዳሉ መንደሮች ወጣ። ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። የሚላኩት ሰዎች በአብዛኛው ትዳር የያዙ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ትተው፣ ገንዘብና ስንቅ ሳይዙ፣ እንግዳ ተቀባይ ፍለጋ ይጓዙ ነበር። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዲያው የሚታወሰው የቆሎ ተማሪው ነው። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪው የሚለምነው ለመማር ሲሆን፣ እነዚህ ግን የሚለምኑት ለማስተማር መሆኑ ነው።

መሪዎቹ የዝግጅትን ጥቅም ቀድመው ተረድተው ነበር። በ1833 በኦሃዮ ግዛት፣ በከርትላንድ፣ ከአንድ ሱቅ በላይ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ የነቢያት ትምህርት ቤት የተባለ ጉባኤ ተከፈተ፤ በ1836 ደግሞ ጆሹዋ ሴይክሳስ የተባለ መምህር ተቀጥሮ ዕብራይስጥ አስተማራቸው። ሆኖም ትምህርቱ ለመሪዎች እንጂ ለሚላከው ሁሉ የሚሆን አልነበረም።

የዚህ ክፍተት ዋጋ ከባሕር ማዶ ታየ። በ1837 ሂበር ኪምቦልና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ውስጥ ፕሬስተን ከተማ ደርሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰዎች አጠመቁ፤ ቋንቋው የራሳቸው ነበርና። ከዋናዎቹ ሐዋርያት አንዱ የነበረው ፓርሊ ፕራት ግን በ1851 ቺሊ ደርሶ፣ በቂ ስፓኒሽ ሳይኖረው ለጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ አንድ ሰው እንኳ ሳያጠምቅ ተመለሰ። ፕራት በማኅበሩ ውስጥ ስመ ጥር ሰባኪና ጸሐፊ ነበር፤ የጎደለው ተሰጥኦ ሳይሆን ቋንቋ ነበር። በኦገስት 1852 ብሪገም ያንግ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን በአንድ ጉባኤ ወደ ሕንድ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ሲልክም የቋንቋ ዝግጅት አልነበረም።

የተሳካለት ምሳሌ ከወጣቶች መጣ። የጆሴፍ ስሚዝ የወንድም ልጅ የነበረው ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ በ1854 ወደ ሃዋይ ሲላክ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ከአገሬው ቤት ገብቶ፣ የአገሬውን ምግብ በልቶ፣ በጥቂት ወራት ቋንቋውን ለመደ፤ ኋላም የመላው ቤተክርስቲያን ፕሬዚዳንት ሆነ። ከሁለቱ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ቢሆንም ተቋሙ መልስ ለመስጠት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። በኑሮ ቋንቋ መልመድ ይቻላል፤ ግን የተልእኮውን የመጀመሪያ ወራት ይበላል።

ከሳምንት ሥርዓት ወደ ቋንቋ ትምህርት ቤት

የመጀመሪያው ቋሚ ማሠልጠኛ በሶልት ሌክ ሲቲ በ1925 የተከፈተው የሚስዮን ቤት ነው። በዚያ ሠልጣኙ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነበር። የሃይማኖት ትምህርት፣ የስብከት ዘዴ፣ የአለባበስና የገበታ ሥርዓት ተምሮ ባቡር ይሳፈራል። ከገጠር ዩታና ከአይዳሆ የመጣውን ልጅ ለከተማ ኑሮ ማዘጋጀት ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር። ቋንቋ ግን በዚያ ቤት ቦታ አልነበረውም።

የ1961ዱ የቪዛ መጓተት ይህን ለወጠው። በኧርነስት ዊልኪንስ የተመራው የፕሮቮው ተቋም በ1963 የቋንቋ ማሠልጠኛ ሚስዮን ተባለ። ከስፓኒሽ ቀጥሎ ፖርቹጋልኛና ጀርመንኛ ተጨመሩ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በሃዋይና በአይዳሆ በሚገኙ የቤተክርስቲያኒቱ ኮሌጆች ለሌሎች ቋንቋዎች ቅርንጫፎች ተቋቋሙ። በ1976 በፕሮቮ አዲስ ግቢ ተሠራ፤ በ1978 የሶልት ሌክ ሲቲው ቤት ተዘግቶ ሁሉም ሥልጠና ወደዚያው ተጠቃለለ፤ ስሙም የሚስዮናውያን ማሠልጠኛ ማዕከል ሆነ።

የሚሰበከው ነገርም አብሮ ተለወጠ። በ1952 ለሁሉም ሚስዮናውያን የሚያገለግል የመጀመሪያው ወጥ የትምህርት ዕቅድ ታተመ፤ በ1961 ደግሞ ተሻሽሎ ወጣ። ሚስዮናዊው ስድስት ትምህርቶችን፣ ቋንቋው ምንም ይሁን ምን፣ ቃል በቃል በቃሉ ይይዝ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ሰው የዚህን አሠራር ጥንካሬም ድካምም ያውቀዋል። በአንድ በኩል ልምድ የሌለው ወጣት ከመስመር እንዳይወጣ የሚያደርግ ርካሽ የጥራት መቆጣጠሪያ ነው። በሌላ በኩል ግን ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲመጣ የሸመደደው መልስ የለውም። በ2004 የወጣው አዲስ መመሪያ ሽምደዳውን አስቀርቶ ሚስዮናዊው በራሱ አነጋገር እንዲያስተምር ፈቀደ። ይህ ውሳኔ ከመማሪያ ዘዴ ለውጥ በላይ ነበር፤ ተቋሙ ቁጥጥርን በከፊል ለወጣቱ ማስተዋል አሳልፎ ሰጠ።

የሠልጣኙ ውሎ

በቀደሙት ዓመታት ቤተሰብ ልጁን ይዞ ወደ አንድ አዳራሽ ይገባና አጭር ንግግር ይሰማ ነበር፤ ከዚያም ወላጆች በአንድ በር፣ ሠልጣኞች በሌላ በር ይወጣሉ። በኋላ ይህ ቀርቶ ስንብቱ ከመኪና በሚወረድበት ቦታ ላይ በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቅ ሆነ። ልጁ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በመጠሪያ ስሙ አይጠራም። የቤተሰብ ስሙ ላይ ኤልደር የሚል ማዕርግ ይቀጠልበታል፤ ትርጉሙ ሽማግሌ ማለት ነው። ጢሙን ገና መላጨት የጀመረ ልጅ ሽማግሌ ተብሎ ሲጠራ ለውጪ ሰው ፈገግ ያሰኛል፤ በውስጡ ግን አዲስ ማንነት የሚሰጥ አጠራር ነው። ሴቷ ደግሞ እኅት ትባላለች። ያላገቡ ሴቶች በሚስዮናዊነት መላክ የጀመሩት በ1898 ነው።

ሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ጓድ ይመደብለታል። ሁለቱ ሰዎች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያጠናሉ፣ በአንድ ክፍል ያድራሉ፤ አንዱ ከሌላው ዓይን አይርቅም። በልማድ የሚነሡት ከጠዋቱ 12፡30፣ መብራት የሚያጠፉት ከምሽቱ 4፡30 ነው። በመካከል ያለው ጊዜ በክፍል ትምህርት፣ በግል ጥናት፣ በምግብ፣ በአጭር የስፖርት ሰዓትና በአምልኮ ተሸንሽኗል። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያና ደብዳቤ መጻፊያ ነው። እስከ 2019 ድረስ ሚስዮናውያን ከወላጆቻቸው ጋር በስልክ የሚነጋገሩት በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ በየሳምንቱ መደወል ተፈቅዷል።

የቋንቋው ትምህርት ከጸሎት ይጀምራል። ሠልጣኙ ገና የግሥ እርባታ ሳይገባው በአዲሱ ቋንቋ መጸለይና እምነቱን በአጭሩ መመስከር ይማራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ደግሞ እንግዳ ሰው መስሎ የሚቀርብ አስተማሪ ወይም በጎ ፈቃደኛ ፊት ተቀምጦ በዚያው ቋንቋ እንዲያስተምር ይደረጋል። ይርበተበታል፣ ይሳሳታል፣ በማግስቱ ይደግማል። ሥርዓተ ትምህርቱ ጠባብ ነው። ወጣቱ ንስሐንና ጥምቀትን ጥርት አድርጎ ይናገራል፤ ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ለመግዛት ግን ይቸገራል። ጥበቡም እዚህ ላይ ነው። ተቋሙ ቋንቋውን በሙሉ ለማስተማር አይሞክርም፤ ለተወሰነ ሥራ የሚያስፈልገውን ያህል ቆርጦ ይሰጣል፤ የቀረውን ሕዝቡና ሁለቱ ዓመታት ያስተምሩታል።

ሸክሙን የሚጋሩት

ሚስዮናዊ ደመወዝ የለውም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው። እስከ 1990 ድረስ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚከፍለው ልጁ የተመደበበት አገር የሚጠይቀውን ነበር። ልጁ ኑሮ ውድ ወደሆነባት ጃፓን የተመደበበት አባትና ልጁ ኑሮ ርካሽ ወደሆነበት አገር የተመደበበት አባት የሚሸከሙት እኩል አልነበረም። ምደባው በዕጣ የሚወሰን ያህል ለቤተሰቡ የማይታወቅ በመሆኑ፣ ዕዳውም እንደ ዕጣው የሚወድቅ ነበር።

ከጃንዋሪ 1991 ጀምሮ በአሜሪካና በካናዳ ያለ እያንዳንዱ ሚስዮናዊ፣ የትም ይመደብ የት፣ በወር 350 ዶላር ለጋራ ቋት እንዲያዋጣ ተወሰነ። መዋጮው በኋላ 400፣ በጁላይ 2020 ደግሞ 500 ዶላር ሆኗል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ውሳኔው በቀላል የሒሳብ አያያዝ አንድ ትልቅ ነገር አደረገ፦ የምደባን ጥያቄ ከቤተሰብ ሀብት ለየ። ድሃው ቶኪዮ፣ ሀብታሙ ላ ፓዝ ሊላኩ ይችላሉ። በኢኮኖሚስቶች ቋንቋ ይህ የአደጋ መጋራት ነው፤ በተራው ቋንቋ ዕቁብ የለመደ ማኅበረሰብ በቀላሉ የሚረዳው ነገር ነው።

ሁለተኛው የሰንሰለቱ ቀለበት መምህሩ ነው። በፕሮቮ የሚያስተምሩት በአብዛኛው ተልእኳቸውን ፈጽመው የተመለሱ፣ በጎረቤቱ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩና በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው። የትናንቱ ሠልጣኝ የዛሬው መምህር ነው። የሥልጠናው ፍሬ ተመልሶ የሥልጠናው ግብዓት ይሆናል፤ ተቋሙ የውጭ ባለሙያ በውድ ሳይቀጥር በርካታ ቋንቋዎችን ማስተማር የቻለው በዚህ ዑደት ነው። ሠልጣኙም በፊቱ የሚያየው ከእርሱ በጥቂት ዓመታት ብቻ የሚበልጥ፣ ያንኑ ጭንቀት አልፎ የመጣ ሰው ነው። ይህ ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ያሳምናል።

ተዘግቶ የቆየው በር

ማዕከሉ የዛሬ ስሙን ያገኘበት 1978 በሌላ ምክንያትም ይታወሳል። እስከዚያ ዓመት ጁን ወር ድረስ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ወንዶች በዚህች ቤተክርስቲያን ክህነት መቀበል አይችሉም ነበር፤ በመሆኑም አንድ ጥቁር ወጣት እንደ እኩዮቹ ኤልደር ተብሎ ሊላክ አይችልም ነበር። እገዳው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ከተነሣ በኋላ በወራት ውስጥ ሚስዮናውያን ወደ ናይጄሪያና ወደ ጋና ተላኩ፤ በ2002 ደግሞ በጋና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ስለ ሥልጠናው ስኬት የሚጻፍ ታሪክ ሁሉ ይህን መዘንጋት አይገባውም። ሰንሰለቱ ለረጅም ዘመን የተዘረጋው ለተመረጡ ልጆች ብቻ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ጎልታ የምትታየው በሥልጠና ሳይሆን በረሃብ ምክንያት ነው። በጃንዋሪ 27፣ 1985 በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የቤተክርስቲያኒቱ አባላት ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ልዩ ጾም ጾመው፣ ያልበሉትን ምግብ ዋጋ አዋጡ፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ሁለት መሪዎችም ወደ አገሪቱ ተጉዘው ሁኔታውን ተመለከቱ። ቤተክርስቲያኒቱ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምታካሂደው የሰብአዊ እርዳታ ሥራ መነሻው ብዙ ጊዜ ወደዚያ ጾም ይመለሳል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የወጣቶቹን ወጪ በጋራ ቋት የመሸፈን ውሳኔ ስድስት ዓመት ቆይቶ ቢመጣም፣ በሁለቱም ሥር ያለው ልማድ አንድ መሆኑ ነው፦ ከእያንዳንዱ ቤት ትንሽ ሰብስቦ ማንም ብቻውን የማይችለውን መሥራት።

ትርፉና ዕዳው

የሥልጠናው ትርፍ ከሃይማኖቱ ድንበር አልፎ ይታያል። በዩታ ብሔራዊ ጥበቃ ሥር ያለው 300ኛው ወታደራዊ የመረጃ ብርጌድ የቋንቋ ባለሙያዎች ክፍል ነው፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ የቀድሞ ሚስዮናውያን ናቸው። በታይዋን ያገለገለው ጆን ሀንትስማን ከዓመታት በኋላ በቻይና የአሜሪካ አምባሳደር ሆኗል። እርሱ የዩታ ገዥ በነበረበት በ2008 ግዛቱ በሁለት ቋንቋ የሚያስተምሩ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚያስፋፋ ሕግ አወጣ፤ በባሕር የለሿ በረሃማ ግዛት ቻይንኛና ፖርቹጋልኛ የሚማሩ ሕፃናት በርክተዋል። የውጭ ቋንቋ የሚናገር ወላጅ ባለበት አገር የውጭ ቋንቋ ፖሊሲ ደጋፊ አያጣም።

ሆኖም ትርፉን ማጋነን አይገባም። ሚስዮናዊው የሚላክበትን አገር አለመምረጡ ለተመራማሪዎች በተፈጥሮ የተዘጋጀ ሙከራ ሆኖላቸዋል። ኢኮኖሚስቱ ሊ ክሮፈርድ ይህን ተጠቅሞ ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያና ወደ ላቲን አሜሪካ የተላኩትን ወደ አውሮፓ ከተላኩት ጋር አነጻጽሯል። የመጀመሪያዎቹ ስለ ዓለም ድህነት የበለጠ ይገዳቸዋል፤ ግን ለመንግሥት የውጭ እርዳታ የበለጠ ድጋፍ አይሰጡም፤ በግል የሚለግሱትም አይበልጥም። በድሃ አገር መኖር ዓይን ይከፍታል፤ ኪስን ወይም የፖለቲካ አቋምን ግን በራሱ አይለውጥም። የወጣቶች ልውውጥን እንደ ልማት መሣሪያ ለሚያቀርቡ ሁሉ ይህ ሊያስቆማቸው የሚገባ ውጤት ነው።

ከዚያ ዕዳው አለ። በ2012 የመሄጃው ዕድሜ ለወንዶች ከ19 ወደ 18፣ ለሴቶች ከ21 ወደ 19 ዝቅ ተደረገ። በዚያ ዓመት መጨረሻ 59,000 ያህል የነበሩት ሚስዮናውያን በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ከ83,000 በላይ ሆኑ፤ የሴቶች ድርሻም በግልጽ ጨመረ። ጎርፉን ለማስተናገድ የሥልጠናው ጊዜ በሲሶ ያህል አጠረ፤ በ2013 በሜክሲኮ ሲቲ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ወደ ማሠልጠኛነት ተለወጠ። ይበልጥ ለጋ የሆነ ልጅ ይበልጥ ባጠረ ዝግጅት ተላከ ማለት ነው። ከሚላኩት መካከል ደግሞ በሕመም፣ በጭንቀት ወይም በሌላ ምክንያት ከጊዜያቸው ቀድመው የሚመለሱ አሉ። በዩታ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ብዙዎቹ፣ በሕመም የተመለሱትም ጭምር፣ የውድቀት ስሜት ይዟቸው ይኖራሉ። በወር 500 ዶላር ለ24 ወራት ሲሰላ 12,000 ዶላር ይመጣል፤ ይህ በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። የተቋረጠው ትምህርትና ያልተገኘው ደመወዝም ሊገመት ይችላል። ጠንካራ ማኅበረሰብ በሚጠብቅበት ደጃፍ ላይ ቀድሞ የተመለሰ ልጅ የሚሸከመው ኀፍረት ግን የሚከፈልበት የጋራ ቋት የለም። ወጪው ለሁሉም የተከፋፈለበት ሥርዓት፣ ውድቀቱን ለአንድ ሰው ትቶታል።

በማርች 2020 ወረርሽኙ ማዕከሎቹን ሲዘጋ ሥልጠናው ወደ ልጁ መኝታ ክፍል፣ ወደ ኮምፒውተሩ ገባ። ቋንቋ በርቀት ሊሰጥ እንደሚችል ተረጋገጠ። ነገር ግን ከ2021 ጀምሮ ተቋሙ የሥልጠናውን መጀመሪያ በቤት አስቀርቶ ቀሪውን ወደ ግቢው መለሰ። ወጪ ለመቀነስ መልካም አጋጣሚ እያለው ውድ የሆነውን ግቢ አለመተዉ የሚናገረው አለ። በግቢው የሚመረተው ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ተመሳሳይ ጭንቀት ያለባቸው እኩዮች መካከል የመገኘት ጽናትም ነው።

ቋንቋቸውን ለልጆቻቸው ለማውረስ የሚደክሙ ስደተኛ ማኅበረሰቦች ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት፣ የተሻለ መማሪያ መጽሐፍ ወይም ረዘም ያለ የቅዳሜ ክፍለ ጊዜ አይደለም። ሠልጣኙ የሚማረው ከሳምንታት በኋላ በዚያ ቋንቋ የሚያንኳኳው በር እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። በሩ ከሌለ ትምህርቱ አይጸናም። ነገር ግን ልጆቹን ወደ በሩ የሚልክ ማኅበረሰብ፣ በሩን ሳያንኳኳ ለሚመለሰው ልጅም ቦታ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። የፕሮቮው ተቋም በ60 ዓመታት ውስጥ የመጀመሪያውን ሥራ በሚያስደንቅ ብቃት ተምሯል። ሁለተኛውን ገና እየተማረ ነው።